ገጽ ስንት ላይ ነው?

አሜሪካ ውስጥ ለተማሪ የተዘጋጀ የብሬል መጽሐፍ ሲገለጥ በአንዱ ገጽ ላይ ሁለት ቁጥር ይገኛል። ከታች በቀኝ ጥግ ያለው የብሬሉ የራሱ ቁጥር ነው። ከላይ በቀኝ ጥግ ያለው ደግሞ ዓይናማው ተማሪ የያዘው የቀለም መጽሐፍ ቁጥር ነው። ብሬል ቦታ ይፈጃል፤ አንዱ ገጽ ቢበዛ 25 መስመር፣ መስመሩም 40 ፊደል ያህል ስለሚይዝ የአንድ የታተመ ገጽ ጽሑፍ ሁለት ሦስት የብሬል ገጽ ይወስዳል። ስለዚህ የታተመው ገጽ 47 ሲጀምር ከላይ 47 ይጻፋል፤ ተከታዩ የብሬል ገጽ ኤ47፣ ከዚያ የሚቀጥለው ቢ47 ይሆናል። አዲሱ የታተመ ገጽ በብሬሉ ገጽ መሀል ከጀመረ ደግሞ ከግራ ወደ ቀኝ የነጠብጣብ መስመር ይሰመርና ጫፉ ላይ 48 ይቀመጣል። ጣቴ በዚያ መስመር ላይ ሲያልፍ፣ አጠገቤ የተቀመጠው ዓይናማ ገጽ የሚገልጥበት ቦታ ላይ መድረሴን አውቃለሁ።

የታተመ መጽሐፍ ወደ እኛ ወደ ዓይነ ስውራን ሲመጣ ብዙ ነገሩን ጥሎ ይመጣል። ሽፋኑ፣ የፊደሉ መልክ፣ ሥዕሉ፣ የአንቀጹ አቀማመጥ ይቀራል። እኛንና ዓይናማዎችን አንድ ቦታ ላይ የሚያገናኘው የገጽ ቁጥሩ ነው። መምህር «ገጽ 112 አውጡ» ሲል፣ የመመረቂያ ጽሑፍ ፈታኝ «ይህን ከየት አመጣኸው?» ብሎ ሲጠይቅ፣ መልሱ የሚገኘው እዚያች ቁጥር ላይ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ እኖራለሁ፤ ስካን የተደረጉ መጻሕፍትን በበጎ ፈቃድ አርማለሁ። በዚህ ሥራ ውስጥ ከምንም በላይ የምከራከርለት ይህችን ቁጥር ነው፤ ታሪኳንም የተከታተልኩት በዚሁ ምክንያት ነው።

የብራና መጻሕፍታችን ለዘመናት ያለ ገጽ ቁጥር ኖረዋል። ጸሐፊው የሚቆጥረው ጥራዙን ነበር፤ በየጥራዙ መጀመሪያ ኅዳጉ ላይ ፩፣ ፪፣ ፫ እያለ የሚያኖረው ሲጠረዝ ቅደም ተከተሉ እንዳይዛባ ነው። አንባቢው በሌላ መንገድ ይሄዳል። ስንክሳር በዕለቱ ይወጣል፤ ሚያዝያ 23 ከተባለ የቅዱስ ጊዮርጊስ ነው። ዳዊት በመዝሙሩ ይጠራል። ስለዚህ መጽሐፉን በቃሉ የያዘ ዓይነ ስውር ሊቅ ከዓይናማው ጋር ሲከራከር ቦታ ለመጥቀስ የሚቸገርበት ምክንያት አልነበረም። ነገሩን የለወጠው ማተሚያ ቤት ነው። በአውሮፓ ከ1470 ጀምሮ (ኮሎኝ ላይ አርኖልድ ቴርሆርነን ባተመው መጽሐፍ) በየቅጠሉ ላይ ቁጥር መታተም ጀመረ፤ ቀስ በቀስም የዓለም ምሁር ሁሉ በገጽ መጥቀስ ለመደ። (እዚህም ከዚህ በታችም የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በገጽ መጥቀስ ሲለመድ፣ ገጹን ማየት የማይችል ሰው ከጨዋታው ወጣ።

መልሰው ያስገቡት ብዙውን ጊዜ ደመወዝ የማይከፈላቸው ሰዎች ናቸው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የአሜሪካ ቀይ መስቀል ከኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ጋር ሆኖ በየቤታቸው ብሬል የሚጽፉ በጎ ፈቃደኞችን ያሠለጥን ጀመር። ሁለተኛው ጦርነት ሲያበቃ ደግሞ ዓይናቸውን ያጡ ወታደሮች መንግሥት ለተመላሽ ወታደሮች በፈቀደው የትምህርት ዕድል ዩኒቨርሲቲ ገቡ፤ የሚማሩበት መጽሐፍ ግን አልነበራቸውም። አን ማክዶናልድ የምትባል ሴት በ1948 ኒው ዮርክ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ በጎ ፈቃደኞችን አሰባስባ የመማሪያ መጽሐፍ በድምፅ ማስቀዳት ጀመረች። የሚቀዱበት ሸክላ በአንድ ፊቱ 12 ደቂቃ ያህል ብቻ የሚይዝ ትንሽ ነገር ነበር። አንድ የሕግ መጽሐፍ ስንት ሸክላ እንደሚሆን መገመት ቀላል ነው፤ ከዚያ ሁሉ ሸክላ ውስጥ ፈተና የሚመጣበትን ገጽ መፈለግ ምን ማለት እንደሆነም እንዲሁ። በዚህ ሥራ የሚሳተፉ አንባቢዎች የገጹን ቁጥር ጮክ ብለው መጥራት ደንባቸው ሆነ። ሸክላው በካሴት ሲተካም ቴፑ በፍጥነት ሲዞር የሚሰማ፣ ገጽና ምዕራፍ የሚጠቁም የጢት ድምፅ ተጨመረበት።

እኔ አዲስ አበባ ስማር ይህን ታሪክ አላውቅም ነበር። የእኛ አንባቢዎች ጓደኞቻችን ነበሩ፤ ማታ ማታ ዶርም ውስጥ ይነበብልናል፣ በካሴት ይቀዳል። የመመረቂያ ጽሑፌን ስጀምር የያዝኳቸው ካሴቶች ሁሉ ገጽ የላቸውም፤ የግርጌ ማስታወሻ ያለ ገጽ ደግሞ ተቀባይነት የለውም። የምታነብልኝን ልጅ፣

«ገጹንም ጥሪልኝ» አልኳት።

«ታሪኩን አያቋርጥብሽም?»

«ያቋርጥብኝ።»

ከዚያ ወዲህ ገጽ በገለጠች ቁጥር ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ገጽ ሠላሳ አንድ» ትልና ትቀጥላለች። በየካሴቱ ልባስ ላይም እኔ በብሬል ከስንት እስከ ስንት ገጽ እንደሆነ እጽፋለሁ። ኒው ዮርክ ያሉት ሴቶች ከአርባ ዓመት በፊት የደረሱበትን እኛም በራሳችን ደረስንበት፤ ችግሩ አንድ ስለሆነ መፍትሔውም አንድ ሆነ።

ኮምፒውተር ሲመጣ ቁጥሯ እንደገና አደጋ ላይ ወደቀች። ማይክል ሃርት በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ በጁላይ 4 ቀን 1971 የአሜሪካን የነፃነት አዋጅ በኮምፒውተር ጽፎ ፕሮጀክት ጉተንበርግን ሲጀምር፣ ያሰበው ጽሑፉ ለማንም በነፃ እንዲደርስ ነበር። የአንድ የተወሰነ እትም ገጽ ለዚህ ዓላማ አያስፈልግምና ተጣለ። በ2000 የተጀመረው ዲስትሪቢዩትድ ፕሩፍሪደርስ ሥራውን በሺዎች ለሚቆጠሩ ፈቃደኞች ገጽ በገጽ ሲያካፍል ለአራሚው ከተሰጡት ደንቦች አንዱ በገጹ ራስጌና ግርጌ ያለውን አርእስትና ቁጥር አጥፋ የሚል ነው። ውጤታቸውን አከብራለሁ፤ ብዙ ያነበብኩት በእነሱ ድካም ነው፤ ከጊዜ በኋላም በድረ ገጽ ቅጂዎቻቸው ኅዳግ ላይ ቁጥሩን እየመለሱ ብዙ መጻሕፍት አውጥተዋል። ነገር ግን ልብ ወለድ ለሚያነብና ትምህርት ቤት ለሚሄድ ሰው ቁጥር የሌለው አንድ ዓይነት ቅጂ ይበቃል የሚለውን ሐሳብ ፈጽሞ አልቀበልም። ልብ ወለዱም ክፍል ውስጥ ይነበባል፤ መምህሩም ገጽ ይጠራል።

የዓይነ ስውራኑ መንገድ ሌላ ነበር። ሬይ ከርዝዌል በ1976 የታተመ ጽሑፍ በድምፅ የሚያነብ ማሽን አወጣ፤ በ1989 ደግሞ ጂም ፍሩክተርማን አርከንስቶን የተባለ ድርጅት አቋቁሞ የማንበቢያ መሣሪያውን ብዙ ሰው ሊገዛው ወደሚችል ዋጋ አወረደው። ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ያሳዝናል፤ በየቤቱ ያለው ዓይነ ስውር ያንኑ አንድ መጽሐፍ ለየብቻው ስካን ያደርጋል። አንዱ ሚኒሶታ፣ ሌላው ቴክሳስ፣ ሁለቱም አንድ መጽሐፍ ገጽ በገጽ ሲገልጡ ያድራሉ። በ1996 የወጣው የቅጂ መብት ሕግ ማሻሻያ ለዓይነ ስውራን የሚሆን ቅጂ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ማዘጋጀት ይፈቅድ ስለነበር፣ ፍሩክተርማን በ2002 ቡክሼርን ከፈተ፤ አንዱ ስካን ያደረገውን ሌላው እንዲያወርደው። መጻሕፍቱን የሚያመጡትና የሚያርሙት ፈቃደኞች ነበሩ፤ ከእነሱም ብዙዎቹ ራሳቸው ዓይነ ስውራን።

የአራሚው ሥራ እንዲህ ነው። ስካነሩ የሚሰጠው የገጹን ፎቶ ነው፤ ከፎቶው ላይ ፊደል የሚለቅመው ሶፍትዌር ጽሑፉን በአብዛኛው በትክክል ያወጣል፣ ቁጥር ላይ ግን ይሳሳታል። ቃል ቢሆን ከጎረቤቱ ይገመታል፤ ገጹ ጥግ ላይ ብቻዋን ለቆመች ቁጥር ጎረቤት የላትም። 111 ሦስት የኤል ፊደል ሆኖ ይመጣል። 50 ኤስና ኦ ይሆናል። በዚያ ላይ በየገጹ አናት የምዕራፉ ርእስ ይታተማል፤ ሳይነሳ ከቀረ ኮምፒውተሩ ዝም ብሎ ያነበዋል፦ «ንጉሠ ነገሥቱ ሠራዊታቸውን ይዘው ወደ 88 የአድዋ ዘመቻ መቀሌ ገሠገሡ።» ስለዚህ ርእሱን እናወጣለን፤ 88ን ግን ብቻዋን በራሷ መስመር ላይ እናስቀምጣታለን። በሁለት ገጽ መካከል የተሰነጠቀ ቃል ካለ አንድ እናደርገውና ከቀደመው ገጽ ጋር እንተወዋለን። ምዕራፍ የሚጀምርበት ገጽ ብዙ ጊዜ ቁጥር አይታተምበትም፤ በቆጠራው ውስጥ ግን ስላለ እኛ እንሞላለታለን።

ከሁሉ የሚከፋው ፎቶግራፍ ነው። የታሪክ መጽሐፍ መሀሉ ላይ ቁጥር በሌለው የሚያብረቀርቅ ወረቀት የታተሙ ፎቶዎች ይኖሩታል፤ በገጽ 96ና በገጽ 97 መካከል 16 ገጽ ፎቶ ገብቷል እንበል። ሶፍትዌሩ በራሱ እየቆጠረ ቁጥር ከሰጠ፣ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ በ16 ይዛነፋል። በመጨረሻው መጠቁም ላይ «ምኒልክ፣ 143» ተብሎ ተጽፏል፤ አንባቢው 143 ብሎ ሲሄድ የሚያገኘው የታተመውን ገጽ 127 ነው፤ ምኒልክም እዚያ የሉም። መጽሐፉ አንድም ቃል ሳይጎድልበት መጠቁሙ በሙሉ ይሞታል። ለዚህ ነው አንድ ፋይል ሲደርሰኝ ጽሑፉን ከማንበቤ በፊት በብሬል ማሳያዬ ላይ ቁጥሮቹን ብቻ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በጣቴ የምከተለው።

በዚህ ጉዳይ ላይ ከሁሉ የሚያስደስተኝን ሥራ የሠሩት ስዊድኖች ናቸው። የስቶክሆልሙ የዓይነ ስውራን ቤተ መጻሕፍት በ1988 ዴይዚ የተባለውን የዲጂታል መጽሐፍ ሥርዓት ማሰብ ጀመረ፤ በ1996 የብዙ አገር ቤተ መጻሕፍት ተባብረው ማኅበር መሠረቱበት። ዴይዚ የገጽ ቁጥርን ከጽሑፉ ለይቶ የራሱ መለያ ሰጠው። ሦስት ዓይነት ገጽም አወቀ፤ በሮማን ቁጥር የሚቆጠረውን የመቅድም ገጽ፣ ተራውን ገጽና ልዩ የሆነውን። ማጫወቻው ላይ 112 ጻፍ፣ ሂድ በል፤ እዚያ ነህ። ለእኔ ትልቁ ነገር ግን አንባቢው የቁጥሩን መጠራት ማጥፋት መቻሉ ነው። ለመዝናናት የሚያነብ ዝም ያሰኘዋል፤ ለፈተና የሚያጠና ያስጠራዋል። «ታሪኩን አያቋርጥብሽም?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ተገኘ፤ ቁጥሩም ከፋይሉ አልወጣም።

የአሜሪካ ሕግ በ2004 ሲሻሻል የመማሪያ መጽሐፍ አሳታሚዎች በዚሁ በዴይዚ ላይ በተመሠረተ አቀራረብ ፋይል እንዲሰጡ ተደረገ፤ ለአዳዲስ የትምህርት ቤት መጻሕፍት የፈቃደኛው ሸክም ቀለለ። የቆየው መጽሐፍ ግን ዛሬም የሚመጣው በስካነር ነው። ዓይናማዎቹም ቢሆኑ ነገሩ የገባቸው ሲጎድልባቸው ነው። ኪንድል በ2007 ሲወጣ ገጽ አልነበረውም፤ «ሎኬሽን» የሚል የራሱን ቆጠራ ይዞ መጣ። በዚያ ቆጠራ የታተመውን ከያዘ ሰው ጋር ቦታ መገናኘት ስለማይቻል አማዞን በ2011 የታተመውን ገጽ ቁጥር መለሰ። እኛ ከዚያ በፊት ለብዙ ዓመታት ስንናገረው የነበረ ነገር ነው።

አሁን ያለሁበት ሥራ የአማርኛ መጽሐፍ ነው። ኢትዮጵያ የማራኬሽን ስምምነት በ2020 ስለተቀላቀለች ለዓይነ ስውራን የሚዘጋጅ ቅጂ በአባል አገሮች መካከል ድንበር መሻገር ይችላል፤ እኛም ጥቂት ሰዎች ሆነን በትርፍ ሰዓታችን የቆዩ መጻሕፍትን እናዘጋጃለን። የእኛ መጽሐፍ የራሱ ጠባይ አለው። መቅድሙ በፊደል ይቆጠራል፤ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ። ሶፍትዌሩ ይህን እንደ ገጽ ቁጥር ስለማያውቀው ካለፈው ዓረፍተ ነገር ጋር ያጣብቀዋል፤ አንባቢውም ከነጥቡ በኋላ ድንገት «ሐ» የሚል ድምፅ ይሰማል። እነዚህን አንድ በአንድ እየፈለግን በመቅድም ገጽ መለያ ውስጥ እናስገባቸዋለን፤ «መቅድም፣ ገጽ ሐ» ብሎ ለጠቀሰ ሰው ቦታው እንዲገኝ።

በግዕዝ ቁጥር በተቆጠሩት መጻሕፍት ላይ ግን መግባባት አቅቶን ነበር። ግማሾቻችን ፻፲፪ እንዳለ ይቀመጥ ይላሉ፤ ግማሾቹ 112 ይሁን፣ ማጫወቻው ላይ የግዕዝ ቁጥር የሚጻፍበት ቁልፍ የለም ይላሉ። እኔ ሁለቱም ይኑር ባይ ነኝ። በመጽሐፉ ላይ የታተመውን እንዲያሳይ ፻፲፪ ለጽሑፉ፣ አንባቢው ሊደርስበት እንዲችል 112 ለመለያው። አሁን የያዝነውን መጽሐፍ በዚህ መንገድ እየሠራን ነው፤ መቅድሙና የመጀመሪያዎቹ አራት ምዕራፎች አልቀዋል፣ መጠቁሙ ይቀራል።