የኢዮን ሞተር ትንፋሽና በሳተላይት ገላ ላይ የሚከማቸው ኤሌክትሪክ

የኢዮን ሞተር የሚገፋው ኤሌክትሮን የጎደላቸውን አቶሞች ወደ ኋላ በመወርወር ነው። እነዚህ ፖዚቲቭ ስለ ሆኑ፥ ብቻቸውን ቢወጡ ሳተላይቱ ኔጋቲቭ ሆኖ ይቀርና የወረወረውን መልሶ ይስባል፤ ግፊቱም ይጠፋል። ስለዚህ ከሞተሩ አጠገብ ኤሌክትሮን የሚረጭ መሣሪያ ይደረጋል። ይህ ዘዴ በጠፈር እንደሚሠራ በ1964 (ዘመኑ ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ነው) ሰርት 1 የተባለችው የአሜሪካ መንኮራኩር አስመሰከረች። ሃሮልድ ካውፍማን ያወጣው ዓይነት የሜርኩሪ ሞተር 31 ደቂቃ ሠራ።

ሁለተኛው ችግር ግን ከሞተሩ አልመጣም። ከምድር 36,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚዞር ሳተላይት ኃይለኛ ኤሌክትሮኖች ይመቱታል። የፀሐይ ብርሃን ከገላው ላይ ኤሌክትሮን እያስወጣ ሸክሙን ያቃልልለታል፤ በምድር ጥላ ውስጥ ሲገባ ግን ይህ እርዳታ ይቋረጣል። በ1969 የተላከው ኤቲኤስ 5 በጥላ ውስጥ እስከ ብዙ ሺህ ቮልት ኔጋቲቭ እንደሚሆን ሸርማን ደፎረስት በ1972 ገለጸ። በ1973 አንድ የአሜሪካ ጦር የመገናኛ ሳተላይት ከጥቅም ውጭ ሲሆን፥ ምክንያቱ ይኸው ክምችት እንደ ሆነ ተነገረ።

መድኃኒቱስ ምንድን ነው? በኤቲኤስ 5 ላይ የጋለ ሽቦ ኤሌክትሮን እንዲያወጣ ተደረገ፤ ውጤቱ ግን ጎደሎ ነበር። ኤሌክትሮኑ የሚቀነሰው ከብረቱ ክፍል ብቻ ነው፤ ኤሌክትሪክ የማያስተላልፈው ክፍል ኔጋቲቭ እንደ ሆነ ይቀራል፤ የሚወጣውንም ኤሌክትሮን ገፍቶ ይመልሳል። በ1974 የተላከው ኤቲኤስ 6 የሴዚየም ሞተሩን ሲያስነሣ ግን ገላው ከአካባቢው ጋር በጥቂት ቮልት ልዩነት ብቻ ረጋ፤ በክፍሎቹ መካከል የነበረውም ልዩነት በጣም ቀነሰ።

የዚህ ምክንያት በትንፋሹ ውስጥ ነው። ፈጣኑ ኢዮን ኢዮን ሳይሆን ከወጣው አቶም ኤሌክትሮን ይነጥቃል፤ የተነጠቀው አቶም ዝግተኛ ኢዮን ይሆናል። ይህም ወደ ጎንና ወደ ኋላ ተንሳፎ፥ ኔጋቲቭ የሆነውን ገላ ሁሉ፥ ብረት ያልሆነውንም ጭምር፥ ያቀልለዋል። ሆኖም ያው ደመና ገላውን ቀስ በቀስ ሊፍቅ፥ ከፀሐይ ኃይል ሰሌዳዎችም የኤሌክትሪክ ፍሰት ሊስብ ስለሚችል መሐንዲሶች ሞተሩ የሚቀመጥበትን ቦታ በጥንቃቄ ይመርጣሉ።

ከዚህ ታሪክ የምንረዳው፥ ኤሌክትሮን ብቻ መርጨት እንደማይበቃና ኢዮንም አብሮ መገኘት እንዳለበት ነው። በ2000 ወደ ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ የተላኩት የዜኖን ፕላዝማ መሣሪያዎች ለመግፋት ሳይሆን የጣቢያውን ገላ ከዚህ ክምችት ለመጠበቅ ብቻ የተሠሩ ናቸው።