ቀን ወይስ ሌሊት? ሕፃናትን ይዞ ረጅም መንገድ የመጓዝ ታሪክ፣ ከአውቶቡስ ተራ እስከ ቦሌ



የዛሬው ርእሴ ለታሪክ መድረክ ቀላል መስሎ ሊታያችሁ ይችላል። በመርካቶ ካሉት የአውሮፕላን ትኬት መሸጫዎች ወደ አንዱ ጎራ ብሎ ጥቂት የተቀመጠ ሰው ግን ጥያቄውን ሳይሰማ አይወጣም። ሕፃን ያዘለች እናት ባለቤቷ ወዳለበት ወደ ዋሽንግተን ልትሄድ መጥታ «በቀን የሚነሣው ይሻላል ወይስ በሌሊት?» ትላለች። ትኬት ቆራጩ ዋጋውን ይነግራታል። እርሷ የጠየቀችው ግን ዋጋ አይደለም፤ ልጄ መንገዱን እንዴት ይችለዋል ማለቷ ነው።

ይህን ጥያቄ ዛሬ እንደ ታሪክ ጥያቄ ላየው እወዳለሁ። የማቀርበው ሐሳብ በአጭሩ ይህ ነው፦ በአገራችን የረጅም መንገድ ታሪክ ውስጥ ቀንን ወይም ሌሊትን የመረጠው አብዛኛውን ጊዜ ወላጅ አልነበረም። የቆላው ሐሩር፣ ሽፍታው፣ ሐዲዱ፣ የሰዓት እላፊው ዐዋጅ፣ የበረራው መርሐ ግብር መርጠውለታል። የወላጅ ጥበብ፣ በተለይም የእናት፣ የተገለጠው ሌላ ሰው በመረጠው ሰዓት ውስጥ ልጅን ማቆየት በመቻሏ ነው።

ከእግረኛው ዘመን እንጀምር። በደጋው አገር ሲራራ ነጋዴ ጎሕ ሲቀድ ጭኖ ይነሣል፤ ፀሐይ ገና ሳትጠልቅም ያራግፋል። በቅሎውና አህያው መጋጥ አለባቸው፤ ሲመሽ ደግሞ ጅብም ሽፍታም አለ። ብቻውን ለመሄድ የሚፈራ ቤተሰብ ከነጋዴው ጉዞ ተጠግቶ ይጓዝ ነበር፤ እናት ልጇን በአንቀልባ አዝላ፣ ከፍ ያለውን በእግሩ እያስከተለች ወይም በጭነት ላይ አስቀምጣ። በመንገድ የመሸበት ሰው ደጅ ቆሞ «የመሸበት የእግዜር እንግዳ» ይላል፤ ሕፃን የያዘ እንግዳ ከሆነማ እሳቱ አጠገብ ቦታ ይለቀቅለታል። ስለዚህ በደጋው ሌሊት የማደሪያ እንጂ የመንገድ ሰዓት አልነበረም።

ወደ ምሥራቁ ቆላ ሲወረድ ሥርዓቱ ይገለበጣል። ከዘይላና ከጅቡቲ በሚያመጣው በረሃ ግመለኛው ቀትሩን ጥላ ፈልጎ ያሳልፋል፤ ፀሐይ ስትበርድ ጭኖ ሌሊቱን ይጓዛል። በደጋው ሌሊት አደጋ ነው፤ በቆላው ሌሊት መዳኛ ነው። የቀንና የሌሊት ጥያቄ አንድ መልስ ኖሮት እንደማያውቅ ከዚህ እንረዳለን።

የእናቶች ዕውቀት በዚህ ላይ የራሱን መመዘኛ ይጨምራል። በብዙው ደገኛ ቤተሰብ ዘንድ ለሕፃን የሚፈራው ሰዓት ሌሊቱ ብቻ ሳይሆን ቀትሩም ነው። ጠራራ ፀሐይ ምች ያመጣል ይባላል፤ ለምች ደግሞ ዳማከሴ ከጓሮ ይቀጠፋል። ጨቅላ ልጅ በቀትር ከደጅ አይወጣም። በኦርቶዶክሳውያን ዘንድ ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን ክርስትና እስኪነሡ ድረስ እናትና ልጅ ከቤት ርቀው አይሄዱም። እነዚህን ልማዶች እምነት ብቻ አድርገን ብንተዋቸው ስሕተት ይመስለኛል፤ ልጅ መቼ፣ በስንት ዕድሜው፣ በየትኛው ሰዓት ለመንገድ እንደሚደርስ የሚደነግጉ የጉዞ ሕግጋትም ናቸውና።

ባቡር ሲመጣ ምን ተለወጠ? ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ፤ ርዝመቱም 784 ኪሎ ሜትር ነበር። በግመል ሳምንታት የሚፈጀው መንገድ በቀናት የሚቆጠር ሆነ። ሆኖም በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ባቡሩ የሚጓዘው በቀን ብቻ ስለነበር መንገደኛው በድሬዳዋና በአዋሽ እያደረ ሦስት ቀን ይፈጅበት ነበር። ውጤቱን አስተውሉ። ግመለኛው ሕፃኑን ከሐሩር ያሸሸበት ሌሊት አሁን የማረፊያ ሰዓት ሆነ፤ የአዋሽና የአፋር ቆላ ደግሞ በጠራራ ፀሐይ፣ በጋለ ፉርጎ ውስጥ የሚታለፍ ሆነ። መንገዱ አጠረ፤ ሰዓቱን ግን ከእናቲቱ እጅ ወሰደው።

አሁን ወደ መርካቶ እንምጣ። በጣሊያን ወረራ ዘመን ገበያው በጊዮርጊስ አጠገብ ከነበረው ከአራዳ ወደ አሁኑ ስፍራ ሲዛወር፣ የከተማይቱ የንግድ እምብርት ወደ ምዕራብ ተሻገረ። በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ከተቋቋመ በኋላ መንገዶች እየተጠገኑና እየተስፋፉ ሲሄዱ፣ የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ጉዞም ከገበያው ጋር ተቆራኘ። አውቶቡስ ተራ የምንለው ስፍራ የአዲስ ከተማ መግቢያና መውጫ በር ሆነ።

እኔም በዚህ በር ወጥቻለሁ። ልጅ ሳለሁ፣ ታናሽ እኅቴ ገና ጡት ሳትጥል፣ ወደ ጎንደር ልንሄድ ዋዜማውን በአውቶቡስ ተራ አካባቢ አልቤርጎ አደርን። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ እናቴ ቀሰቀሰችኝ። 11 ሰዓት ሲሆን በሩ ፊት በብርድ ቆመን ነበር፤ ረዳቶች ይጣራሉ፣ ዕቃ ወደ ፖርቶ መጋላ ይወጣል፣ ሕፃናት ያለቅሳሉ። አውቶቡሱ ሲነጋጋ ተነሣ። ያ ሰዓት የተመረጠው በምክንያት ነው፤ አገር አቋራጭ አውቶቡስ ሳይጨልም ከተማ ገብቶ ማደር ነበረበት። በደርግ ዘመን ደግሞ የሰዓት እላፊው ዐዋጅ ተጨመረበት።

ነገር ግን ጎሕ ሲቀድ ከአዲስ አበባ የተነሣ አውቶቡስ ጎሐ ጽዮንን አልፎ ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርደው መቼ ነው? ልክ ቀትር ላይ ነው። ከአደጋ ለመሸሽ የተመረጠው የማለዳ ጉዞ፣ እናቶች አጥብቀው በሚፈሩት ሰዓት፣ ከመንገዱ ሁሉ በሚግለው ሸለቆ ውስጥ ሕፃናቱን ያደርሳቸዋል። እናቴ ነጠላዋን በውኃ አርሳ በመስኮቱ ላይ ጋረደች፤ እኅቴን እያጠባች፣ ዳማከሴውን በመሐረብ ቋጥራ ይዛ፣ ድልድዩን እስክንሻገር ምንም አልተናገረችም። በዚያ ዕለት ደብረ ማርቆስ አደርን። ያየሁት ነገር ትርጉሙ የገባኝ ግን ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው፤ የመንግሥት ሰዓትና የእናት ሰዓት በአንድ መቀመጫ ላይ ሲጋጩ ነበር።

ወደ አየር ስንወጣም ታሪኩ ይኸው ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በታኅሣሥ 1938 ዓ.ም. ተመሠረተ፤ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የመጀመሪያውን መደበኛ በረራ በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ አደረገ። አውሮፕላኖቹ ከጦርነት የተረፉ ሲ-47 ነበሩ። የውስጥ የአየር ግፊታቸው የማይስተካከል በመሆኑ ከፍ ብለው ከማዕበሉ በላይ መብረር አይችሉም ነበር። በአገር ውስጥ ያሉት ብዙዎቹ ማረፊያዎች ሣር ሜዳዎች ነበሩ፤ መብራት በሌለበት ሜዳ ደግሞ በሌሊት አይታረፍም። ከሰዓት በኋላ ምድር ስትግል አየሩ ይናወጣልና ማለዳ መብረር ይመረጥ ነበር። በአየሩም ቢሆን እንግዲህ መጀመሪያ የገዛው ጎሕ ነው።

ሌሊቱን የከፈተው የአውሮፕላኑ መሻሻል ነው። በ1950 ዓ.ም. በረራው እስከ ፍራንክፈርት ተዘረጋ። በ1955 ዓ.ም. ቦይንግ 720 ጄት ገባ፤ የልደታው ማኮብኮቢያ ለጄት አጭር በመሆኑ ቦሌ ተሠራ። በግንቦት 1976 ዓ.ም. አዲስ የተረከበው ቦይንግ 767 ከዋሽንግተን አዲስ አበባ ድረስ ከ12,000 ኪሎ ሜትር በላይ ያለ ማረፊያ በረረ። በእናቴ ዘመን በየቀኑ ማታ የሚቋረጠው ጉዞ አሁን ሌሊትን ሙሉ የሚውጥ ሆነ።

በዚህ ስፍራ ሌሊትን ወላጆች ራሳቸው የመረጡባቸውን ጉዞዎች ማንሣት ይገባል። በ1970ዎቹ ከጎንደር ወደ ሱዳን በእግራቸው የተሰደዱ ቤተሰቦች፣ ቤተ እስራኤላውያንም ሌሎችም፣ ቀን ተሸሽገው ሌሊት ይጓዙ ነበር። በዚያ ጉዞ የሕፃን ልቅሶ ሁሉን ሊያሲዝ ይችል ነበር። ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. ደግሞ ከ14,000 የሚበልጡ ቤተ እስራኤላውያን በ36 ሰዓት ውስጥ፣ ቀንና ሌሊት ሳይለይ፣ ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ተጓጓዙ፤ በጉዞው ላይ የተወለዱ ሕፃናትም ነበሩ። እንግዲህ ሰው ከነልጁ ሌሊትን ፈቅዶ የመረጠው ቀኑ ይበልጥ ሲያስፈራው ነው።

ዛሬ በትኬት ቢሮው የቆመችው እናት ከዚህ ሁሉ ነጻ ወጥታለች? በከፊል ብቻ። በተለመደው መርሐ ግብር ወደ ዋሽንግተን የሚሄደው በረራ ከቦሌ የሚነሣው በምሽት ነው። ይህ ለሕፃናት ታስቦ አይደለም። ከልዩ ልዩ የአፍሪካ ከተሞች የሚመጡ መንገደኞች አመሻሽ ላይ ቦሌ ተሰብስበው ወደ አውሮፓና አሜሪካ እንዲተላለፉ ነው። እንዲያም ሆኖ ለልጁ ይስማማዋል፤ በለመደው ሰዓት ይተኛል፣ ሲነቃም ብዙው መንገድ አልፏል። ችግሩ የሚመጣው ከደረሰ በኋላ ነው። በዚያ ጠዋት ሲሆን በልጁ አካል ከሰዓት በኋላ ሆኗል፤ የዋሽንግተን ምሽት እስኪመጣም ረጅም ነው።

የመልሱ ጉዞ «የቀን በረራ» ይባላል፤ ከዋሽንግተን የሚነሣው በረፋድ ነውና። ሒሳቡን ብንሠራ ግን ስሙ ያሳስታል። አውሮፕላኑ ወደ ምሥራቅ፣ ወደሚመጣው ሌሊት ይበርራል፤ ከ13 ሰዓት ገደማ በኋላ ቦሌ ሲያርፍ በአዲስ አበባ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ነው። የሁለቱ ከተሞች ልዩነት እንደ ወቅቱ 7 ወይም 8 ሰዓት ስለሆነ፣ በልጁ አካል ያኔ እኩለ ሌሊት አካባቢ ነው። ልጁ ሊተኛ የሚገባውን ሌሊት ሳያገኝ ሌላ ቀን ተጀመረበት። ስለዚህ እናቲቱ መጠየቅ ያለባት መነሻውን ብቻ አይደለም፦ ስንደርስ በልጄ አካል ስንት ሰዓት ይሆናል? በበረራው ውስጥስ የእርሱ ሌሊት የት ላይ ይወድቃል?

ዕድሜም ይለያል። የጨቅላ አካል በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ወራት ቀንና ሌሊትን ገና በቅጡ አይለይም፤ የሚከተለው ጡትን ነው። ሲወርዱም ማጥባት ለጆሮው ግፊት ይረዳዋል። ድክ ድክ የሚለው ልጅ ግን ሰዓቱን ለምዷል፤ እርሱን የሚመልሰው በደረሰበት አገር የጠዋት ብርሃን ነው፣ ያውም ቀስ በቀስ። ሌላም የማይነገር ነገር አለ። በሌሊት በረራ ልጅ ሲተኛ እናት አትተኛም። ብቻዋን የምትጓዝ ከሆነ ለማን ዕረፍት እንደምትመርጥ አስቀድማ ማወቅ አለባት።

ወደ መደምደሚያዬ ልሂድ። ይህን ታሪክ ለመጻፍ የሚያስቸግረው የመረጃው ጠባይ ነው። የኬላ መዝገብ ጨውና ቡና፣ ዝሆን ጥርስና አሞሌ ይቆጥራል። በአውቶቡስ በጭን የተቀመጠ ሕፃን ትኬት አልተቆረጠለትም፤ በአውሮፕላንም ሁለት ዓመት ያልሞላው ልጅ የራሱ መቀመጫ የለውም። በየዘመኑ ተጉዟል፤ በየዘመኑ ሳይቆጠር። የመንገድን ታሪክ በድልድይና በሐዲድ፣ በኪሎ ሜትርና በፈረስ ጉልበት ስንጽፍ የኖርነው ከዚህ የተነሣ ይመስለኛል።

ማስረጃው ግን አልጠፋም፤ በሰዎች ዘንድ አለ። ውድ ተማሪዎች፣ ከዚህ ስትወጡ ወደ አውቶቡስ ተራ ሂዱ፤ የቤታችሁን አሮጊቶችም ጠይቁ። «መንገዱ ስንት ቀን ፈጀ?» ብላችሁ አትጀምሩ። «ልጁን ይዘው ሲጓዙ የፈሩት የትኛውን ሰዓት ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። የእናቴን መልስ ሳልጠይቃት ዘገየሁ። የእናንተ አልዘገየም።