ከማኅፀን በር ካንሰር ሕክምና በኋላ የትዳር ግንኙነት

የማኅፀን በር ካንሰር በኢትዮጵያ ሴቶች ዘንድ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ በብዛት የሚታይ ካንሰር ነው። የአገሪቱ የጨረር ሕክምና ማዕከል ለብዙ ዓመታት በአዲስ አበባ የሚገኘው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ስለነበር፣ የአንኮበርና የደብረ ብርሃን ታካሚዎች 130 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ ተጉዘው፣ ለሳምንታት ከቤታቸው ርቀው ይታከሙ ነበር።

ጨረሩ የሴትን ብልት ሊያደርቅና ሊያጠብ፣ የወር አበባንም ያለ ዕድሜ ሊያቋርጥ ይችላል። ግንኙነት ያምማል፣ ፍላጎት ይቀንሳል፣ ሐዘንና ብስጭት ይከተላል። ባል እንደ መጠላት ሊቆጥረው ቢችልም ምክንያቱ አካላዊ ነው፤ ማለስለሻ ቅባትና በሐኪም የሚታዘዝ ማስፊያ ይረዳሉ።

ካንሰሩ ራሱ ወደ ባል አይተላለፍም። መነሻው የሆነው ኤች ፒ ቪ ቫይረስ ግን በግንኙነት ስለሚተላለፍ ጥርጣሬ ይነሣል። ቫይረሱ ሳይታወቅ ለዓመታት ስለሚቆይ በሽታው የውስልትና ማስረጃ አይሆንም።