ከፋብሪካ በር ፊት የቆመ ቴአትር፦ ጃና ናትያ ማንች በሕንድ

የጎዳና ቴአትር፣ ማለትም ያለ መጋረጃና ያለ መግቢያ ክፍያ በፋብሪካ በር ወይም በሠፈር አደባባይ ተመልካች ከብቦ የሚያየው አጭር ድራማ፣ በዴልሂና በአካባቢዋ የሠራተኞች ሰላማዊ ተቃውሞ ድምፅ ለመሆን የበቃው በአብዛኛው በገንዘብ እጦት ምክንያት ነው። ጃና ናትያ ማንች፣ ትርጉሙም «የሕዝብ ቴአትር መድረክ»፣ እ.ኤ.አ. በ1973 በዴልሂ ሲመሠረት ረጃጅም ተውኔቶችን ያሳይ ነበር፤ ይሁንና የወቅቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ኢንዲራ ጋንዲ በ1975 ያወጁት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በ1977 ሲነሣ፣ ወጪውን ይሸፍኑ የነበሩት የሠራተኛ ማኅበራት አቅማቸው ተሟጥጦ ስለ ነበር፣ ከቡድኑ መሥራቾች አንዱ የሆነው ሳፍዳር ሐሽሚና ባልደረቦቹ በጥቂት ተዋንያን፣ ያለ መብራትና ያለ መድረክ፣ የትም ሊታይ የሚችል ቴአትር ወደ መሥራት ዞሩ።

የመጀመሪያው ፍሬ በ1978 የቀረበውና 13 ደቂቃ ያህል የሚፈጀው «ማሽን» ሲሆን፣ መነሻው በጋዚያባድ በሚገኝ አንድ ፋብሪካ የተፈጸመ እውነተኛ ድርጊት ነው። ሠራተኞቹ የጠየቁት ብስክሌታቸውን የሚያቆሙበት ስፍራና ሻይ የሚጠጡበት ክበብ ነበር፤ አሠሪው እንቢ በማለቱ ሥራ ሲያቆሙ ግን የፋብሪካው ዘበኞች ተኩሰው ስድስቱን ገደሉ። በተውኔቱ ተዋንያኑ ተያይዘው በመቆም፣ እጅና እግራቸውን በአንድ ምት እያንቀሳቀሱና በአፋቸው የሞተር ድምፅ እያሰሙ አንድ ማሽን ይሆናሉ፤ ማሽኑ በድንገት ቀጥ ሲል ሠራተኛው፣ ባለቤቱና ዘበኛው ከውስጡ እየወጡ የየራሳቸውን ይናገራሉ። የተውኔቱ ኃይል ከጥያቄው ትንሽነት የመነጨ ነው፤ ለባለቤቱ ከቁጥር የማይገባ ወጪ ለሠራተኛው የክብር ጉዳይ መሆኑን ተመልካቹ ያለ ሰባኪ ይረዳልና።

ባዶ እጅ መሆን ግን ለጥቃት ያጋልጣል። ጥር 1 ቀን 1989 (እ.ኤ.አ.)፣ በሳሂባባድ ጃንዳፑር የማዘጋጃ ቤት ምርጫ ሰሞን «ሐላ ቦል» የተሰኘው ተውኔት በመታየት ላይ ሳለ የታጠቁ ሰዎች በቡድኑ ላይ ወረዱበት፤ ራም ባሃዱር የተባለ ሠራተኛ በጥይት ተገደለ፣ ጓዶቹ እንዲያመልጡ የተጠለሉበትን ቤት በር ይዞ የቀረው ሐሽሚም ክፉኛ ተደብድቦ በማግስቱ በ34 ዓመቱ ዐረፈ። ጥር 4 ቀን ባለቤቱ ሞሎያሽሪና ባልደረቦቿ ወደዚያው ስፍራ ተመልሰው፣ በሺህ በሚቆጠር ሕዝብ ፊት፣ የተቋረጠውን ተውኔት እስከ ፍጻሜው ተጫወቱ፤ ይህም ለዱላ የተሰጠ፣ ዱላ ያልያዘ ምላሽ ነበር። ፍርድ ቤት ጥቃት አድራሾቹን ጥፋተኛ ያለው በ2003 ሲሆን፣ ቡድኑ በእነዚያ 14 ዓመታት ውስጥ በየፋብሪካው በር መጫወቱን አላቋረጠም።