አቤቱታና ጥቆማ በሐረሪ ክልል

በሐረሪ ክልል አቤቱታና ጥቆማ የክልሉ ነዋሪዎች በወረዳ፣ በቀበሌ ወይም በቢሮ ኃላፊዎችና ሠራተኞች የተፈጸመን በደል ወይም ሙስና ለሚመለከተው አካል የሚያሳውቁባቸው ሕጋዊ መንገዶች ናቸው። ሁለቱ ቃላት በዕለት ንግግር ቢቀላቀሉም በአሠራር ይለያያሉ። አቤቱታ መብቱ የተጓደለበት ሰው እንዲስተካከልለት የሚያቀርበው ጥያቄ ነው። ጥቆማ ግን ጥፋት ስለመፈጸሙ የሚሰጥ መረጃ ሲሆን፣ ጠቋሚው ራሱ የተበደለ መሆን አይጠበቅበትም።

የሁለቱም መሠረት የ1987 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 12 ነው። አንቀጹ የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን እንዳለበት፣ ኃላፊነቱን የሚያጓድል ባለሥልጣን ወይም ተመራጭ ተጠያቂ እንደሚሆን፣ ሕዝቡም እምነት ያጣበትን ተወካይ ከቦታው ለማንሳት እንደሚችል ይደነግጋል።

የክልሉ አወቃቀር

ሐረሪ በቆዳ ስፋት ከክልሎች ሁሉ ትንሹ ነው። ዘጠኝ ወረዳዎች አሉት፤ አሚር ኑር፣ አባድር፣ ሸንኮር፣ ጅንኤላ፣ አቦከርና ሐኪም የከተማ፣ ሶፊ፣ ኤረርና ድሬ ጥያራ ደግሞ የገጠር ናቸው። የክልሉ ምክር ቤት 36 መቀመጫዎች ያሉት ሲሆን 14ቱ የሐረሪ ብሔራዊ ጉባኤ፣ 22ቱ የሕዝብ ተወካዮች ጉባኤ ናቸው። የሥራ ቋንቋዎቹ ሐረሪና አፋን ኦሮሞ ናቸው፤ በከተማው ግን አማርኛም በሰፊው ይነገራል።

የክልሉ ትንሽነት ለባለ ጉዳይ ጥቅምም ጉዳትም አለው። ለከተማ ነዋሪ ከወረዳ ጽሕፈት ቤት እስከ ክልል ቢሮ ያለው መንገድ አጭር ነው፤ ሌላ ክልል ውስጥ ይህ የቀናት ጉዞ ሊጠይቅ ይችላል። በአንጻሩ ጠቋሚውና የተጠቆመበት ሰው በአንድ ሰፈር የሚኖሩ፣ ምናልባትም የአንድ አፎቻ ወይም የአንድ ዕድር አባላት ሊሆኑ ይችላሉ። በእንዲህ ያለ ቦታ ማንነትን መሰወር ከባድ ነው።

የጥፋቱ ዓይነት

ጉዳዩ ወዴት እንደሚቀርብ የሚወስነው የጥፋቱ ዓይነት ነው። ለምሳሌ በግንብ በታጠረው ጥንታዊው ጁገል ውስጥ ቤቱን ለማደስ ፈቃድ የሚጠይቅ ሰው ይታሰብ። ጁገል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ስለተመዘገበ፣ እዚያ ያለ ቤት እንደ ልብ የሚፈርስና የሚሠራ አይደለም። ኃላፊው ፈቃዱን ለመስጠት ገንዘብ ከጠየቀ ነገሩ ጉቦ ነው፤ በ2007 ዓ.ም. በወጣው የሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881 ያስጠይቃል። ኃላፊው ጥቅም ለማግኘት ወይም ሌላውን ለመጉዳት ብሎ «ነገ ተመለስ» እያለ ቢያመላልሰው፣ ጉዳይን ያለአግባብ ማጓተትም በዚሁ አዋጅ ወንጀል ነው። መዘግየቱ ከስንፍና ወይም ከተዝረከረከ አሠራር ከመጣ ግን የአስተዳደር በደል ይሆናል። ጥያቄው በቂ ምክንያት ተሰጥቶት ውድቅ የተደረገበት ሰው ደግሞ ውሳኔውን ባይወደውም ጥፋት ተፈጽሞበታል ለማለት አይቻልም፤ የእርሱ መንገድ ይግባኝ ነው። ብዙ አቤቱታ የሚወድቀው ይህ ልዩነት ሳይታይ ስለሚቀርብ ነው።

የሚቀርብባቸው አካላት

የአስተዳደር በደል መጀመሪያ የሚቀርበው ለዚያው መሥሪያ ቤት የበላይ ኃላፊ ወይም ለቅሬታ ሰሚ ክፍሉ ነው። መልስ ካልተገኘ ወደ ኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም መሄድ ይቻላል። ተቋሙ በአዋጅ ቁጥር 211/1992 ተቋቁሞ በአዋጅ ቁጥር 1142/2011 እንደገና የተደራጀ ሲሆን፣ ለሐረር ቅርብ የሆነው ቅርንጫፉ ድሬዳዋ ነው። አገልግሎቱ በነጻ ነው፤ አቤቱታውም በቃል ወይም በጽሑፍ፣ በባለ ጉዳዩ፣ በትዳር ጓደኛው፣ በወኪሉ ወይም በሦስተኛ ወገን ሊቀርብ ይችላል። ፍርድ ቤት የያዘውን ጉዳይ ግን አይመረምርም። የሚሰጠውም የመፍትሔ ሐሳብ እንጂ ፍርድ ስላልሆነ፣ ክብደቱ በአብዛኛው ተቀባዩ መሥሪያ ቤት በሚሰጠው ቦታ ላይ ይወሰናል።

የሙስና ጥቆማ ለክልሉ የሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ኮሚሽን ወይም ለፖሊስ ይቀርባል። በ1993 ዓ.ም. የተቋቋመው የፌዴራል ኮሚሽን ቀድሞ ራሱ ይመረምርና ይከስስ ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. ይህ ሥልጣን ተነሥቶለት ምርመራው ለፖሊስ፣ ክሱ ለዐቃቤ ሕግ ተሰጥቷል። ከዚያ ወዲህ ሥራው በአብዛኛው መከላከል፣ ማስተማርና ሀብት መመዝገብ ነው። ድብደባ፣ ሕገ ወጥ እስርና የመሳሰሉት የመብት ጥሰቶች ለኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ይቀርባሉ።

የጥቆማው ይዘት

የ1954 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ወንጀል ሲፈጸም ያየም ያላየም ማንኛውም ሰው ማመልከት እንደሚችል ይደነግጋል። በቃል የተነገረው በጽሑፍ ሰፍሮ ለአመልካቹ ከተነበበለት በኋላ ቀን ተጽፎበት ይፈረምበታል። የድርጊቱ ቀንና ቦታ፣ የኃላፊው የሥራ መደብ፣ የተጠየቀው ነገርና ምስክሮች በዝርዝር ሲጻፉ ጥቆማው ለመርማሪ ይጠቅማል፤ በዓይን የታየውንና በወሬ የተሰማውን ለይቶ መጻፍም እንዲሁ። ደብዳቤ በመዝገብ ቤት ቁጥር ካልተሰጠው በኋላ መቅረቡን ማስረዳት ያዳግታል። ሰነዱ በመሥሪያ ቤቱ እጅ ከሆነ በአዋጅ ቁጥር 590/2000 መሠረት መረጃ መጠየቅ ይቻላል፤ መልሱም በ30 ቀን ውስጥ መሰጠት አለበት። ጉቦ የሰጠ ሰው ራሱም በወንጀል ስለሚጠየቅ፣ ከመክፈል በፊት መጠቆም ከከፈሉ በኋላ ከመጠቆም ይሻላል።

የጠቋሚዎች ጥበቃ

የወንጀል ምስክሮችና ጠቋሚዎች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 ማንነትን መሰወርን፣ የአካል ጥበቃን፣ የመኖሪያ ቦታ መቀየርንና ሌሎችንም እርምጃዎች ይፈቅዳል። ይሁን እንጂ ጥበቃው የሚሰጠው ወንጀሉ አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ ጽኑ እስራት ወይም ሞት የሚያስቀጣ ሲሆን፣ መረጃው በሌላ መንገድ የማይገኝና በጠቋሚው ላይ ከባድ አደጋ የሚያሰጋ ሲሆን ነው። ስለዚህ በየወረዳው በየቀኑ የሚያጋጥመው መጉላላትና ማንገላታት ከአዋጁ ውጭ ይቀራል። አነስተኛ በሚባለው ጥፋት ላይ አፉን የሚከፍት ነዋሪ በነጋታው ለመታወቂያ ወይም ለድጋፍ ደብዳቤ ወደዚያው መስኮት መመለሱ አይቀርም፤ አዋጁም እዚያ አይደርስለትም። እንባ ጠባቂ ተቋም እንደ በደሉ ክብደት ስም ያልተገለጸበትን አቤቱታ ሊቀበል ይችላል፤ ለእንዲህ ያለው ሰው የቀረው በር በአብዛኛው ይህ ነው።

በሌላ በኩል የወንጀል ሕጉ ንጹሕ መሆኑን እያወቀ ሰውን በሐሰት የሚወነጅለውን ይቀጣል። ቅጣቱ ሐሰተኛነቱን አውቆ ያደረገውን የሚመለከት ነው፤ በቅን ልቦና የተሰጠ ጥቆማ በምርመራ ሳይረጋገጥ ቢቀር ይህ ብቻውን ጠቋሚውን በዚህ ወንጀል አያስቀጣውም።