ከማሽን መመዘኛ ወደ ሰው መመዘኛ፤ የሞተር ብስክሌት «ትራያል» አጭር ታሪክ

የሞተር ብስክሌት ውድድር ሲነሣ በብዙ ሰው አእምሮ ቀድሞ የሚመጣው ፍጥነት ነው። በእንግሊዝ አገር ተወልዶ ወደ ልዩ ልዩ አገሮች የተሠራጨው «ትራያል» የተባለው የውድድር ዓይነት ግን ከፍጥነት ጋር ያለው ዝምድና እምብዛም ነው። ተወዳዳሪው በምልክት በተከለለ አጭር መንገድ ላይ ቋጥኝ እየወጣ፣ ጅረት እየተሻገረ፣ በጭቃና በዛፍ ሥር መካከል እየተሽሎከለከለ እግሩን መሬት ሳያስነካ እንዲያልፍ ይጠበቅበታል። በየክልሉ ዳር የቆመ ታዛቢ አካሄዱን ይመዘግባል። እግሩን አንድ ጊዜ ያስነካ አንድ፣ ሁለት ጊዜ ያስነካ ሁለት፣ ከዚያ በላይ ያስነካ ሦስት የቅጣት ነጥብ ሲያዝበት፣ የወደቀ ወይም ከክልሉ የወጣ አምስት ይቆጠርበታል። አሸናፊው ብዙ ነጥብ የሰበሰበ ሳይሆን ጥቂት የተቀጣ ነው። «የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ» የሚለው የአበው ብሂል የዚህ ውድድር ደንብ መግቢያ ቢሆን ያስኬዳል።

ይሁን እንጂ ትራያል ሲጀመር የሰው ችሎታ መለኪያ አልነበረም። ስሙም እንደሚያመለክተው ፈተና ነበር፤ የሚፈተነውም ማሽኑ እንጂ ነጂው አልነበረም። የማሽን መመዘኛ የነበረው ነገር የሰው መመዘኛ ወደ መሆን የተለወጠበት ታሪክ፣ ለስፖርት ወዳድ ብቻ ሳይሆን ከማሽን ጋር ውሎ ለሚያድር ባለሙያ ሁሉ አንድ ጥያቄ ያቀርባል። ይኸውም አንድን ማሽን ከሁሉ አብልጦ የሚያውቀው ማን ነው? የሠራው ፋብሪካ ነው ወይስ የሚነዳውና የሚጠግነው እጅ? (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የአስተማማኝነት ፈተና

በሃያኛው መቶ ዓመት መባቻ የሞተር ብስክሌት ገዢ ሊሆን የሚችለው ሰው ትልቁ ጥርጣሬ «ወጥቼ እመለሳለሁ ወይ?» የሚል ነበር። ጥርጣሬው መሠረት ነበረው። በዚያን ጊዜ የሞተሩን ኃይል ወደ ኋላ ጎማ የሚያደርሰው በአብዛኛው ቺንጊያ ነበር፤ ዝናብ ሲነካው ይንሸራተታል። ብዙዎቹ ሞተሮች ማርሽ መቀየሪያም ሆነ ፍሪሲዮን አልነበራቸውም። ስለዚህ መካከለኛ የሚባል ዳገት እንኳ ነጂውን ከወንበሩ አውርዶ ያስገፋው ነበር። ፋብሪካዎችና ክለቦች ይህን ጥርጣሬ ለማስወገድ ያገኙት ዘዴ፣ ማሽኖቹን በሕዝብ ፊት ረጅም መንገድ ማስኬድና በተመረጡ ዳገቶች ላይ ታዛቢ ማቆም ነበር። ሳይቆም የወጣ ያልፋል፤ የቆመ ይቀጣል።

በስኮትላንድ በ1909 የተጀመረውና በኋላ የስኮትላንድ የስድስት ቀን ፈተና በመባል የታወቀው ውድድር የዚህ ልማድ ውጤት ነው። ጦርነትና ወረርሽኝ ካቋረጡት ጥቂት ዓመታት በስተቀር እስከ ዘመናችን ዘልቋል። በ1913 ደግሞ በእንግሊዝ ካርላይል ከተማ የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ የስድስት ቀን ፈተና ተደረገ። የዚህ ውድድር መንፈስ በአንድ ደንብ ተጠቃሎ ይገኛል፤ ይኸውም ለተበላሸው ሞተር መድኃኒቱ በነጂው ኪስና በነጂው እጅ መገኘት ነበረበት። የውጭ መካኒክ እጁን ማስገባት አይችልም። በ1927 በእንግሊዝ የሐይቆች አውራጃ በተደረገው ውድድር፣ ማርጆሪ ኮትል፣ ኢዲዝ ፎሊና ሉዊ ማክሊን የተባሉ ሦስት ሴቶች ያሉበት የእንግሊዝ ቡድን የብር ዋንጫውን ወሰደ። በዚያ ደንብ ሥር የተገኘ ድል ስለነበረ፣ የመንዳት ብቻ ሳይሆን የመጠገንም ምስክር ወረቀት ነበር ለማለት ይቻላል።

ወደ ዛሬው ትራያል ይበልጥ የቀረበው ግን አልፍሬድ አንገስ ስኮት የተባለው የዮርክሺር መሐንዲስ በ1914 የጀመረው ውድድር ነው። ስኮት ባለ ሁለት ምት፣ በውኃ የሚቀዘቅዝ ሞተር የሠራ ሰው ሲሆን፣ ማሽኖቹ በ1912ና በ1913 በማን ደሴት ታላቅ ውድድር አሸንፈው ነበር። ፈተናውን ያዘጋጀው ለውጭ ሰው ሳይሆን ለራሱ ፋብሪካ ሠራተኞች ነው። ሠራተኞቹ ያመረቱትን ማሽን ራሳቸው እየነዱ በዮርክሺር ኮረብታዎችና ጅረቶች ላይ ተፈተኑ። በሥራው ጠረጴዛ ላይ ብሎን ያጠበቀው እጅ፣ ብሎኑ ቢላላ የሚደርስበትን በገዛ አካሉ እንዲያውቅ ተደረገ። የስኮት ፈተና ሰዓትንም የእግር ቅጣትንም አጣምሮ የሚቆጥር በመሆኑ ዛሬም ከከባዶቹ መካከል ይቈጠራል።

በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ ማሽኖቹ እየተሻሻሉ ሄዱ። ካቴና ቺንጊያን ተካ፤ ማርሽና ፍሪሲዮን የተለመዱ ሆኑ። ከዚህም የተነሣ አዘጋጆቹ ያላሰቡት ችግር ገጠማቸው። ቀድሞ ተወዳዳሪዎችን የለየው ዳገት አሁን ሁሉም የሚወጣው ሆነ። ስለዚህ አዘጋጆቹ መንገዱን ትተው ወደ ጅረቱ፣ ወደ በግ መሄጃውና ወደ ቋጥኙ ገቡ። በዚህ ስፍራ የሁለት ሰዎች ማሽን አንድ ዓይነት ሆኖ ሳለ አንዱ ሲያልፍ ሌላው ይወድቃል። ፈተናው ከብረቱ ወደ ሰውየው የተሸጋገረው በዚህ ጊዜ ነው።

ጋራዡና ዳገቱ

«ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ይባላል። በትራያል ግን የፈረሱና የጋላቢው ድርሻ እንዲህ በቀላሉ አይለይም፤ ምክንያቱም ጥሩ ነጂ ማለት ማሽኑን ለመሬቱ ያዘጋጀ ሰው ማለት ነው።

ለዚህ ዝግጅት ጥቂት ምሳሌዎች በቂ ናቸው። የኋላ ጎማ የሚነፋው እስከ 0.3 አትሞስፌር ገደማ ብቻ ሲሆን፣ ይህም የተራ መኪና ጎማ ከሚይዘው ከአንድ አምስተኛ ያነሰ ነው። የረገበው ጎማ ድንጋዩን እንደ መዳፍ ይጨብጠዋል። ቮላኖ የሚባለው በሞተሩ ውስጥ የሚሽከረከር ከባድ ብረት ክብደቱ ሲጨመር፣ ሞተሩ ሊጠፋ በተቃረበበት ዝግታ እንኳ ሳይቋረጥ ይጎትታል። የካቴናው የኋላ ጥርሳም ክብ ሲተልቅ ማሽኑ ከሰው እርምጃ በማይበልጥ ፍጥነት ይሄዳል። የእግር መርገጫው ወደ ኋላ ሲሳብ ነጂው ቆሞ ክብደቱን በኋላ ጎማ ላይ ሊያሳርፍ ይችላል። የጭስ ማውጫው ከድንጋይ እንዲድን ወደ ላይ ይነሣል።

ከዚህ በተጨማሪ ጥገናው አለ። ጅረት የተሻገረ ሞተር ውኃ በፍሬን ሸራው፣ በአየር ማጣሪያውና በኤሌክትሪክ ክፍሉ ይገባበታል። ፑንቲናው በጥቂቱ ከተዛባ ሞተሩ በዝግታ ጊዜ ይተነፍሳል፤ በጥድፊያ ውድድር የማይታወቅ ጉድለት በትራያል አምስት ነጥብ ያስከፍላል። ስለዚህ የትራያል ሰው ከውድድሩ በፊት በነበሩት ምሽቶች ካንዴላ ሲጠርግ፣ ካርቡራቶር ሲያስተካክል፣ ኩሽኔታ በግሪስ ሲሞላ የሚገኝ ሰው ነው። ዳገት ላይ የሚሰማውን የሞተር ድምፅ የሚተረጉመው በጋራዡ ውስጥ ባገኘው ዕውቀት ነው።

ይህ ዕውቀት የሀብታም ብቻ አልነበረም። ቢኤስኤ የተባለው ፋብሪካ በ1948 «ባንታም» የተባለ 125 ሲሲ ሞተር ማምረት ጀመረ። ንድፉ ከጦርነቱ በኋላ በካሳ መልክ ከጀርመኑ ዲካቬ የተወሰደ ነበር። ባንታም ርካሽና ቀላል የሥራ ማሽን ነበረ። ብዙ ወጣቶች አሮጌ ባንታም ወይም ትራያምፍ «ታይገር ካብ» እየገዙ ሻንሲውን ቆርጠው፣ መርገጫውን አዛውረው፣ የማያስፈልገውን ብረት አውልቀው የትራያል ሞተር አደረጉት። የፋብሪካ ማሽን ለመግዛት አቅም ያነሰው ሰው በመጋዝና በሞረድ ተወዳዳሪ ሆነ።

የ1965 ድንበር

በ1950ዎቹ የእንግሊዝ ትላልቅ ባለ አራት ምት ሞተሮች የትራያል ጌቶች ነበሩ። በ1961 ጎርደን ጃክሰን በኤጄኤስ ሞተር የስኮትላንዱን የስድስት ቀን ፈተና ሲያሸንፍ በሳምንቱ ሁሉ የተቆጠረበት አንድ ነጥብ ብቻ ነበር።

የዘመኑ ታላቅ ነጂ ግን በ1933 በቤልፋስት የተወለደው ሳሚ ሚለር ነው። ከ1959 እስከ 1969 ድረስ ለዐሥራ አንድ ተከታታይ ዓመታት የእንግሊዝ ሻምፒዮን ሆኗል። ኤሪየል ፋብሪካ ባለ አራት ምት ሞተሮችን መሥራት በ1959 ሲያቆም፣ ሚለር 500 ሲሲ ኤሪየሉን አልተወም። በየጊዜው እየፈታ፣ ከባዱን ክፍል በቀላል እየተካ፣ የሻንሲውን ቅርጽ እየለወጠ ወደ 110 ኪሎ ግራም ገደማ አወረደው፤ በ1962ና በ1964ም የስኮትላንዱን ፈተና አሸነፈበት። ፋብሪካው የተወውን ማሽን አንድ ሰው በጋራዡ ውስጥ ማሻሻሉን ቀጠለ።

በ1964 መጨረሻ ሚለር ወደ ስፔን ሄደ። ፍራንሲስኮ ቡልቶ ከሞንቴሳ ፋብሪካ መሥራቾች አንዱ ሆኖ ሳለ፣ ፋብሪካው ከውድድር ልውጣ ባለ ጊዜ ተለይቶ በ1958 «ቡልታኮን» ያቋቋመ ሰው ነው። ሚለርና የቡልታኮ ሰዎች በሁለት ሳምንት በማይሞላ ጊዜ ውስጥ እየነዱ፣ እየፈቱ፣ እየለወጡና መልሰው እየነዱ 244 ሲሲ የሆነ ባለ ሁለት ምት የትራያል ሞተር ሠሩ። ክብደቱ ከ90 ኪሎ ግራም ብዙም ያልራቀ ነበር። ይህ «ሸርፓ» የተባለው ሞተር በ1965 የስኮትላንዱን የስድስት ቀን ፈተና ሲያሸንፍ፣ ከእንግሊዝ ውጭ የተሠራ ማሽን በዚያ ውድድር ሲያሸንፍ የመጀመሪያው ሆነ።

ለእንግሊዝ የሞተር ብስክሌት ኢንዱስትሪ መውደቅ ብዙ ምክንያቶች አሉ፤ ሁሉንም በአንድ የስፖርት ድል ላይ መጫን ስሕተት ይሆናል። ሆኖም የሸርፓ ታሪክ የሚያስተምረው አለ። በእንግሊዝ ጭቃና ቋጥኝ ላይ በብዙ ዓመት የተጠራቀመው ዕውቀት በፋብሪካዎቹ መዝገብ ውስጥ ሳይሆን በነጂው እጅ ውስጥ ነበር። ነጂው ሲሄድ ዕውቀቱም አብሮት ሄደ። ቡልታኮ ያገኘው አንድ ሻምፒዮን ብቻ ሳይሆን የረጅም ጊዜ የጋራዥ ልምድ ነው። በ1966 የኤጄኤስ ባለቤት የነበረው ኩባንያ ወደቀ፤ ቢኤስኤም በ1970ዎቹ መጀመሪያ ተከተለ። በስኮትላንዱ ፈተና በእንግሊዝ ፋብሪካ ሞተር የተገኘው የመጨረሻው የዚያ ዘመን ድል፣ ቢል ዊልኪንሰን በ1969 በግሪቭስ ያገኘው ነው። ለስፔኑ ፋብሪካም ቢሆን ዕድሉ ዘላቂ አልሆነም፤ ቡልታኮ በ1983 ተዘጋ።

ብረቱን ወይስ እጁን?

በ1975 የዓለም ሻምፒዮና ተጀመረ፤ የመጀመሪያው ባለ ድል እንግሊዛዊው ማርቲን ላምፕኪን ነበር። በ1980ዎቹ የኋላው ሁለት አሞርዛተር በአንድ ተተካ፤ የውኃ ማቀዝቀዣና የዲስክ ፍሬን መጡ። ከብስክሌት ትራያል የመጣው ስፔናዊው ጆርዲ ታሬስ ከ1987 ጀምሮ ሰባት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ሲሆን፣ ሞተሩን ከድንጋይ ወደ ድንጋይ የማስዘለል ስልት ተስፋፋ። የአገሩ ልጅ ቶኒ ቦው ደግሞ ከ2007 እስከ 2024 ድረስ ያለማቋረጥ ሻምፒዮን ሆኗል። የዛሬው የውድድር ሞተር ክብደት 70 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። ከፋብሪካ ሲወጣ ለትራያል ተዘጋጅቶ ስለሚወጣ ገዢው በመጋዝ የሚቆርጠው ነገር የለውም።

በዚህ መካከል የቀድሞውን ትራያል የናፈቁ አፍቃሪዎች ከ1965 በፊት ለተሠሩ ዓይነት ሞተሮች ብቻ የተወሰነ ውድድር አቋቋሙ። ድንበሩ የሸርፓ የድል ዓመት ላይ መዋሉ ትርጉም አለው። በስኮትላንድ ኪንሎክሌቨን መንደር ከ1984 ጀምሮ በየዓመቱ የሚደረገው የዚህ ዓይነት ውድድር ከታወቁት አንዱ ነው። ነገር ግን ወዲያው ክርክር ተነሣ። በአሮጌ መልክ ውስጥ ዘመናዊ ክፍል፣ በጥንቱ ስም አዲስ የተሠራ ሻንሲ መታየት ጀመረ። አንዱ ወገን «ማሽኑ ከፋብሪካ እንደ ወጣ ይጠበቅ» ሲል፣ ሌላው «የቀድሞዎቹ ነጂዎችም እየቆረጡና እየለወጡ ነው ያሸነፉት» ብሎ ይመልሳል።

ሁለቱም ወገኖች እውነት አላቸው። ገደብ ከሌለ አሮጌው ሞተር ስሙ ብቻ ይቀራል፤ ገንዘብ ያለውም አዲስ ማሽን በአሮጌ ስም ያስመዘግባል። ለውጥ ጨርሶ ከተከለከለ ደግሞ የሚጠበቀው ብረቱ እንጂ ብረቱን ታላቅ ያደረገው ሥራ አይደለም። ታሪኩ ወደ አንድ ፍርድ የሚያመራ ይመስላል። ሊጠበቅ የሚገባው መጀመሪያ የእጅ ዕውቀቱ ነው፤ ይኸውም በዘመኑ መሣሪያና በዘመኑ ዕቃ፣ ነጂው ራሱ ሊሠራው ይችል የነበረውን መፍቀድ፣ በገንዘብ ብቻ የሚገኘውን መከልከል ነው። ሳሚ ሚለር ራሱ በደቡብ እንግሊዝ በኒው ሚልተን ባቋቋመው ቤተ መዘክር ብዙ ሞተሮች የሚታደሱት በእጅ ሥራ ነው። ማደስ ደግሞ የሠሪውን አሳብ በጣት መከተል ነው።

በስኮትላንዱ ፈተና ተወዳዳሪዎች በየማታው ሞተሮቻቸውን በተከለለ ስፍራ ትተው ያድራሉ፤ ማታ ሙሉ ሲጠግኑ ማደር አይፈቀድላቸውም። ማለዳ ላይ ሰውና ማሽን ትናንት በተለያዩበት ሁኔታ እንደገና ይገናኛሉ። የላላው ብሎን እንደ ላላ ነው፤ የደከመው ካቴና እንደ ደከመ ነው። በቀረው ጥቂት ጊዜ ውስጥ የቱን ብሎን አስቀድሞ መንካት እንደሚገባ የሚያውቅ ሰው ዳገቱን ከመድረሱ በፊት ግማሹን ፈተና አልፏል። ከመቶ ዓመት በላይ ማሽኑ በብዙ ቢለወጥም ይህ ዕውቀት ከፋብሪካ ተገዝቶ አያውቅም።