ዕድር ነን ወይስ ድርጅት?

ባለፈው ጠቅላላ ጉባኤ አንዲት እህታችን ተነሥታ «ለመሆኑ እኛ ዕድር ነን ወይስ ድርጅት?» ስትል ብዙዎቻችን ሳቅን። ሳቁ ሲበርድ ግን መልስ የሰጠ አልነበረም። ጥያቄው የመጣው ከምክንያት ነው። ቢሮውን የምታጸዳልንና በስብሰባ ቀን የምታበስልልን ልጅ ነፍሰ ጡር ናት፤ ፈቃድ ጠይቃለች። ዕድር ከሆንን እንደ ጎረቤት እንጠይቃታለን፣ አጥሚት ይዘን እንሄዳለን። ድርጅት ከሆንን ግን የምትጠይቀው ውለታ ሳይሆን መብቷን ነው። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ለማወቅ የቆዩ አዋጆችን ማገላበጥ ጀመርን።

እናቶቻችን ዕድር ሲመሠርቱ ደብተር፣ ዳኛና ገንዘብ ያዥ በቂያቸው ነበር። መንግሥት ስለ ማኅበር በሰፊው የጻፈው በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። በዚያ ሕግ ቁጥር 404 መሠረት ማኅበር ማለት ሁለት ወይም ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች ትርፍ ለማግኘት ወይም ለመከፋፈል ሳይሆን ለሌላ ዓላማ የሚያቋቁሙት ኅብረት ነው። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ የወጣው የምዝገባ ደንብ ቁጥር 321 ደግሞ ማኅበራትን በአገር ግዛት ሚኒስቴር አስመዘገበ። ከዚህ እንደምንረዳው ማኅበር መጀመሪያ የታየው እንደ ጸጥታ ጉዳይ ነው። በደርግ ዘመን በ1972 ዓ.ም. የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ሴቶች ማኅበር በአዋጅ ሲቋቋም ሴቶች የሚደራጁበት ዋናው በር እሱ ሆነ።

ከዚያ በኋላ ባለው ታሪክ ልባችንን የነካው የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ጉዳይ ነው። በ1980ዎቹ ማብቂያ ተቋቁሞ ጠበቃ መቅጠር ለማይችሉ ሴቶች ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጥ ነበር፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቤተሰብ ሕግ እንዲሻሻልም ብዙ ደክሟል። ባል የሚስቱን ሥራ መከልከል የሚችልበት ዘመን ያበቃው በዚያ ሕግ ነው። ያም ሆኖ በ1993 ማለቂያ «ከዓላማህ ወጥተሃል» ተብሎ ለሳምንታት ታገደ፤ በኋላ እገዳው ተነሣለት።

የከፋው በ2001 ዓ.ም. መጣ። የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621 በጾታ እኩልነትና በሰብአዊ መብት ላይ መሥራትን ከውጭ የሚያገኙት ገንዘብ ከ10 በመቶ ለማይበልጥ አገር በቀል ማኅበራት ብቻ ፈቀደ። ለተራበ እህል ለማከፋፈል ከውጭ ገንዘብ መቀበል ይቻላል፤ የተደበደበች ሴት ፍርድ ቤት እንድትቆም ለመርዳት ግን አይቻልም ማለት ነው። በ2002 ዓ.ም. የሕግ ባለሙያዎቹ ማኅበር የባንክ ሒሳብ ታገደ፤ ብዙ ሠራተኞቹን አሰናብቶ ሥራውን አጠበበ። አዋጁ የአስተዳደር ወጪ ከ30 በመቶ እንዳይበልጥም አዞ ነበር። ክልከላው ብቻውን ክፉ አልነበረም፤ ነገር ግን መመሪያው የሥልጠናና የመጓጓዣ ወጪን ሳይቀር እንደ አስተዳደር ወጪ ቆጠረው። ማሠልጠን ሥራው የሆነ ማኅበር ሥራውን በሠራ ቁጥር ጥፋተኛ ይሆን ነበር።

በ2011 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1113 ወጥቶ የ10 በመቶው ገደብ ቀረ፤ ለሌሎች ጥቅም የተቋቋሙ ድርጅቶች የአስተዳደር ወጪ ጣሪያ 20 በመቶ ቢሆንም የወጪው ትርጓሜ ተስተካከለ። ከማኅበሩ መሥራቾች አንዷ የሆኑት ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊም በዚያው ዓመት የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆኑ። ሁለቱ በአንድ ዓመት መሆናቸው ለእኛ ደስ የሚል ግጥምጥሞሽ ነው።

እኛስ የት ነን? ዕድርና ዕቁብ በ621ም በ1113ም አይገዙም። እኛ ግን የተመዘገበ መተዳደሪያ ደንብ፣ ማኅተምና ቢሮ ስላለን ዕድር ነን ማለት አንችልም። ከአየር ጤና ዓለም ገና የታክሲ መንገድ ቢሆንም የፌዴራሉ ምዝገባ አዲስ አበባንና ድሬዳዋን፣ ከአንድ ክልል በላይ የሚሠሩትንና የውጭ ድርጅቶችን ነው የሚመለከተው፤ በኦሮሚያ ብቻ የምንሠራው እኛ የክልሉን በር ነው የምናንኳኳው።

አሠሪነታችን ግን በምዝገባችን አይወሰንም። የሚኒስትሮች ምክር ቤት የበጎ አድራጎት ድርጅቶችን በደንብ ከአሠሪና ሠራተኛ ሕግ ውጭ ሊያደርግ ይችላል እንጂ፣ እንዲህ ያለ ደንብ በሌለበት «እኛ እኮ ትርፍ የለንም» ማለት አያዋጣም። በቀድሞው አዋጅ ቁጥር 377 የወሊድ ፈቃድ ከወሊድ በፊት 30፣ በኋላ 60 ቀን ነበር፤ በ2011ዱ አዋጅ ቁጥር 1156 ከወሊድ በኋላ ያለው 90 ቀን ሆኗል፤ ሁሉም ከደመወዝ ጋር። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የግል ድርጅቶች ጡረታ አለ፤ ማኅበራትም ውስጡ ናቸው። ዛሬ ከሠራተኛዋ 7፣ ከአሠሪው 11 በመቶ ነው።

እዚህ ላይ ነበር ያፈርነው። ስለ ሴቶች መብት ስንናገር ዓመታት ቆይተናል፤ ለልጅቷ ግን የሥራ ውልም የጡረታ ቁጥርም አልነበራትም። ደመወዟን «የቡና» እያልን በፖስታ ነበር የምንሰጣት። ገንዘብ ያዣችን እትዬ «ማን አሰበው!» አሉ፤ እውነታቸውን ነው።

ውሉ ባለፈው ሳምንት በሁለት ቅጂ ተፈርሟል፤ አንዱ እሷ ጋ ነው። ያልተከፈለው ጡረታ ስንት እንደሚደርስ ሒሳብ ክፍላችን እያሰላ ነው፤ ለሚቀጥለው ወር ስብሰባ ይቀርባል። እሷ ከወለደች በኋላ ቢሮውን በየሳምንቱ በየተራ እናጸዳለን፤ የተራው ዝርዝር በሩ ላይ ተለጥፏል።